ልጄ ፊልሙን የምታቆምበት ቦታ

እናቴን ያጣሁት በሜይ 2020 ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። ሞቷን ከልጆቼ ደበቅኩ። ሁለት ወር ከምናምን ደበቅኩ። ምስጢሬን ያወጣብኝ ሰው አልነበረም። የልጆች ካርቱን ፊልም ነው ያወጣብኝ፣ ያውም ክፍል ሁለቱ። ከአገር ርቃችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ አንድ ቀን በሌሊት ስልክ የሚደወልላችሁ ወላጆች እኔ የተሳሳትኩትን እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፊልሙ የዲዝኒ «ፍሮዝን» ነው። ትልቋ ልጄ የተወለደችው የመጀመሪያው «ፍሮዝን» በወጣበት ዓመት፣ በ2013 ነው። ሁለት ዓመት ከሞላት ጀምሮ የፊልሙ ባለታሪክ የኤልሳ ሰማያዊ ቀሚስ ቤታችን ውስጥ ያልታየበት ቀን ትዝ አይለኝም። በ2016 ትንሹ ሲወለድ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ስድስት ወር ተቀመጠች። እሷ ገንፎ ስታገነፋ ልጄ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ያንኑ ፊልም ታያለች። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው በር ዘግታ የምትቀመጠው?» ትለኛለች። እኔም እየተረጎምኩ እነግራታለሁ። «እናትና አባቷ ናቸው ደብቀው ያሳደጓት፣ እጇ በረዶ ስለሚያወጣ።» እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። «አይ፣ ልጅ ተደብቆ ያድጋል?» ያኔ ይህን ቃል ልብ አላልኩትም።

ክፍል ሁለት በኖቬምበር 2019 ሲኒማ ቤት ገባ። ከመጀመሪያው ስድስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ለአራት ሰው ትኬት መግዛት ከበደንና «ቤት ሲመጣ እናየዋለን» አልናት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ አይተውት እሷ ብቻ ቀረች። ከዚያ ኮሮና መጣ። ዲዝኒ ፊልሙን ከታሰበው ሦስት ወር ቀድሞ በኢንተርኔት ፊልም ማሳያው በዲዝኒ ፕላስ ለቀቀው። ቀኑ ማርች 15፣ እሑድ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

ያን ሰሞን ሥራዬም ቆመ። እቤት አራታችንም ተፋጠን ቀረን። ፊልሙ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ምን እንደዚህ እንደሳባቸው አልገባኝም ነበር። በኋላ ገባኝ። የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ልጅ መልስ ያላገኘለት ጥያቄ ይዞ ነው የሚያድገው። ኤልሳ ኃይሏን ከየት አመጣች? እናትና አባቷ በመርከብ ወዴት ሲሄዱ ነው የሞቱት? ክፍል ሁለት ይመልሳል። ደግሞ ልጄ ስታድግ ኤልሳና እህቷ አናም አብረዋት አድገው ጠበቋት። ኤልሳ አሁን የምትጨነቀው እጇ የሚያወጣውን በረዶ ለመደበቅ አይደለም፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ ነው። ከሩቅ አንድ ድምፅ ይጠራታል፣ እሷም ትከተለዋለች። ትንሹ ልጄ የወደደው ያቺን እሳት የምትለኩስ ትንሽ እንሽላሊት ነው። እኔ የወደድኩት መጀመሪያ ላይ እናትየው ለልጆቿ የምታንጎራጉረውን ነው። ልጄን እሹሩሩ የምትላት እናቴ ትዝ ትለኛለች።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚያው የመጀመሪያው እሑድ ላይ ነው። ፊልሙን ሳላየው ከፈትኩላቸውና ወጥ ልሠራ ወደ ኩሽና ገባሁ። መሐል ላይ የልጄን ለቅሶ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ የበረዶው ሰው፣ ኦላፍ፣ አና ክንድ ላይ ሆኖ እንደ ብናኝ እየጠፋ ነው። ሳላስብ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልጄ የባሰ ጮኸች። ባለቤቴ መልሶ ከፈተላት። መጨረሻ ላይ ኦላፍ ሲመለስ ነው የተረጋጋችው። ያን ቀን ባለቤቴ ባይከፍተው ኖሮ ልጄ ኦላፍ እንደጠፋ ትተኛ ነበር። እባካችሁ፣ ልጅ ሲያለቅስ ፊልም አታጥፉ። አጠገቡ ቁጭ በሉ። የፈራውን ነገር መሐሉ ላይ ስትቆርጡበት መጨረሻውን ራሱ ይፈጥራል። ልጅ የሚፈጥረው መጨረሻ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊልሙ የከፋ ነው።

እሑድ እሑድ ጠዋት ለእናቴ በቪዲዮ እንደውላለን። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቡና ተፈልቶ። ከኤፕሪል ጀምሮ ልጄ ፊልሙን ለአያቷ መተረክ ጀመረች። በአማርኛ! ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ አማርኛዋ እየጠፋ ነበር። ለእማማ ለመንገር ስትል ግን ቃል ትፈልጋለች። «ማሚ፣ ግድብ ምንድነው? መንፈስ እንዴት ይባላል?» ትለኛለች። እናቴም «ተረት ተረት» ብላ ራሷ ታስጀምራታለች። ልጄ «የላም በረት» ትላለች። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠች ነው የምትነግራት። እናቴ «ከዚያስ?» ስትል፣ «የሚቀጥለው እሑድ!» ብላ ትስቃለች። በዓለም ላይ ያለ ፊልም ሠሪ ሁሉ እንዲህ ያለ ተመልካች ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

ይህ ፊልም በሰሜን ሳሚ ቋንቋም መተርጎሙን ያነበብኩት በኋላ ነው። ሳሚዎች በስካንዲኔቪያ ሰሜን የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ሕዝቦች ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ያለው የጫካው ሕዝብ ታሪክ ከእነሱ ባህል ስለተወሰደ ዲዝኒ ከተወካዮቻቸው ጋር ተስማምቶ ነው የሠራው። ይህን ሳነብ ቀናሁ። በአማርኛ ቢኖር ኖሮ እናቴ ራሷ ታየው ነበር። ግን ቢኖር ልጄ ደግሞ አትተርክላትም ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አሁንም አላውቅም።

እናቴ ስኳር ነበረባት። በሜይ መጨረሻ ሳምንት ሌሊት አረፈች። አገር ቤት ቢሆን ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ መጥቶ ነው መርዶ የሚነገረው። እኔ ጋ የመጡት ሁለት ጎረቤቶች ናቸው፣ አፋቸውን በጭንብል ሸፍነው፣ ደጃፍ ላይ ቆመው። ልጆቹ ተኝተው ነበር። መሄድ አልቻልኩም። ያኔ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው 14 ቀን በለይቶ ማቆያ ይቀመጥ ነበር። እዚያም ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ ድንኳን እንኳ አልተጣለላትም። የእናቴን ቀብር በስልክ አየሁት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ።

ባለቤቴ «ለልጆቹ እንንገራቸው» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የደወለልኝ ዘመድ ሁሉ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ተይው» አለኝ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። የአጎቴን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ ከዓመት በኋላ ነበር። ስለዚህ ለልጄ «እማማ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» አልኳት። አንድ ውሸት ሌላ ውሸት ይወልዳል። በሚቀጥለው እሑድ «ስልኳ ተበላሽቷል» ሆነ። በሚቀጥለው «ገጠር ሄዳለች»። ልጄ መጠየቅ አቆመች። ረሳችው ብዬ ደስ አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጅ መጠየቅ ሲያቆም ረስቶ አይደለም። ከእናንተ እውነት እንደማያገኝ አውቆ ነው።

ምልክቶቹን አሁን ሳስታውስ ሁሉም ፊቴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ሌሊት ተነስታ አልጋችን ጫፍ ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ፊልሙን እንደ ድሮው ታያለች፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ታቆመዋለች። አናና ኦላፍ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ሪሞቱን አንስታ ትዘጋዋለች። ከዚያ ትነሳና ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ሁልጊዜ እዚያው ላይ። እኔ ኦላፍ ሲጠፋ ማየት ፈርታ መሰለኝ። አንድ ቀንም አልጠየቅኳት። ልጃችሁ አንድን ትዕይንት ደጋግሞ የሚያይ ከሆነ፣ ወይም ሁልጊዜ የሚዘልለው ካለ፣ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጠይቁት። ጥያቄው ከባድ መሆን የለበትም። «ይሄ ቦታ ምን ይመስልሻል?» ይበቃል።

በኦገስት መጀመሪያ፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ሦስታችንም ሶፋ ላይ ነበርን። ዋሻው ሲደርስ ትንሹ ልጄ ሪሞቱን ነጥቆ ከሶፋው ጀርባ ገባ። «ዛሬ አታቆሚውም!» አለ። እነሱ ሲታገሉ ፊልሙ ቀጠለ። ኦላፍ እየበነነ ሄደ። አና ጨለማው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ልጄ መታገሏን ትታ ቆማ ማየት ጀመረች። አላለቀሰችም።

«ማሚ፣ ለአና ማንም አልነገራትም» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኤልሳ እንደሞተች። ኦላፍ ሲጠፋ ራሷ አወቀች።»

ዝም አልኩ።

«እኔም ራሴ ነው ያወቅኩት።»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጥቁር ሻሼን። መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍቼ የማለቅሰውን። አባቷ በስልክ «ነፍስ ይማር» ሲሉት «አሜን» ያለውን። ቃሉን ስለማታውቀው ለራሷ ደጋግማ ይዛው ኖሯል፣ «ነፍስይማር፣ ነፍስይማር» እያለች። ለምን ፊልሙን እዚያ እንደምታቆመው ስጠይቃት፣ «እማማ እስከዚህ ነው የሰማችው» አለች። «ቀሪውን ሳልነግራት ብቻዬን አላይም።»

አቅፌያት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሐዘኗን ከእኔ ደብቃ ተሸክማለች። ለምን? እኔ እንዳላዝን። ከእኔ የተማረችው ነው። እኔ እሷን እጠብቃለሁ ብዬ ስደብቅ፣ እሷም እኔን እየጠበቀች ትደብቅ ነበር።

ያን ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሲዞር የኖረ ፊልም ነው፣ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለቱም ፊልሞች የሚያወሩት ወላጆች ለልጅ ብለው ስለደበቁት ነገር ነው። በመጀመሪያው የኤልሳን ኃይል ደበቁ፣ እህትማማቾቹ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ አደጉ። በሁለተኛው እናትየው ከየት እንደመጣች ደብቃ ሞተች። አያትየው ንጉሥ ደግሞ ለጫካው ሕዝብ ስጦታ ነው ብሎ የሠራው ግድብ ተንኮል ነበር። እውነቱን ፈልገው የሚያገኙት ልጆቹ ናቸው፣ ዕዳውንም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ልጄ መቶ ጊዜ አይታዋለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ሆኜ ሽንኩርት እከትፍ ነበር።

የዋሻው ትዕይንት እንዲሁ ለማስለቀስ የገባ አይደለም። አና እህቷንም ጓደኛዋንም አጥታ መሬት ላይ ተኝታለች። ከዚያ የምትዘፍነው ነገር ቀላል ነው። ሩቁን ማየት ስላልቻለች ከፊቷ ያለችውን አንዷን ትክክለኛ ነገር ብቻ ታደርጋለች። አንድ እርምጃ። ከዚያ ሌላ። ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ክሪስ በክ፣ በ2013 የመጀመሪያው ፊልም ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ወንድ ልጁን በመኪና አደጋ አጥቷል። በክፍል ሁለት ከጫካው ሰዎች አንዱ በዚያ ልጅ ስም ነው የተጠራው። ይህን ሳውቅ ትዕይንቱ ለምን እንደዚህ እንደከበደኝ ገባኝ። ሐዘንን የሚያውቅ ሰው እጅ አለበት።

ቤታችን ውስጥ «አንድ እርምጃ» የሚለው ቃል ቀረ። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ልጄ ካልሲዬን አምጥታ «ማሚ፣ አንድ እርምጃ» ትለኛለች። አደርገዋለሁ። ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ። ያን ክረምት ያለፍኩት እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በጥሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ስህተቴ ግን ገና ነበር። ለልጆቹ እውነቱን የነገርኩ ቀን ትንሹ ልጄ «ኤልሳ ኦላፍን መልሳ ሠርታዋለች። እማማስ?» አለኝ። ፊልሙ ውስጥ ውሃ ያየውን ሁሉ ያስታውሳል ይባላል፣ ኦላፍም የሚመለሰው በዚያ ነው። እኔ ደክሞኝ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ነው ብዬ ናቅኩት መሰለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንድ ቀን እናያታለን» አልኩት። እምነቴ ነው፣ አልዋሸሁም። ግን እሱ የሰማው ሌላ ነው።

በጃንዋሪ 2021 የመጨረሻው እሑድ በረዶ ጣለ። ወንዱ ልጄ ከእህቱ ጋር ወጥቶ የበረዶ ሰው ሠራ። ከዚያ መጥቶ የእማማን ነጠላ ጠየቀኝ። ለጨዋታ ነው ብዬ ሰጠሁት። በመስኮት ሳይ ነጠላውን አልብሶት ፊቱ ቆሟል። ይጠብቃል። እስኪመሽ ድረስ ጠበቀ። አስገባሁት፣ እጁ ቀልቷል። «ማሚ፣ በረዶው አያስታውሳትም» አለኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ያ ቃል ነው ልቤን የሰበረው።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር በቪዲዮ አነጋገርኩ። የነገረችኝ አጭር ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሞት መመለሻ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ በግልጽ ቃል ንገሩት አለችኝ። «ተኝታለች» አትበሉት፣ እንቅልፍ ይፈራል። «ሄዳለች» አትበሉት፣ ትመለሳለች ብሎ ይጠብቃል። «ሞታለች» በሉት። ሞት ማለት ሰውነቷ ሥራ አቁሟል፣ አትበላም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም፣ ወደዚህ ቤት አትመለስም ማለት ነው። በአማርኛ «ሞተች» ማለት ለእኛ ይከብዳል። «አረፈች» እንላለን፣ «ተለየችን» እንላለን። ለትልቅ ሰው ደግ ቃል ነው። አሜሪካ ለሚያድግ ልጅ ግን «አረፈች» ማለት ሶፋ ላይ ጋደም አለች ማለት ነው። ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። ኦላፍ የተመለሰው ተረት ስለሆነ ነው፣ ሰው ግን እንደዚያ አይመለስም አልኩ። የምናምነውን ደግሞ ለብቻው ነገርኳቸው፣ ሳልቀላቅል። ትንሹ አለቀሰ። ከዚያ ራት ጠየቀ። ልጅ እንደዚህ ነው፣ አትደንግጡ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ወላጆች ይጠይቁኛል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ለልጆች የተሠራ ፊልም ክፍል ሁለት ሲወጣ መጀመሪያ ብቻዬን አየዋለሁ። ክፍል ሁለቶች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳሉ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ያዩት ልጆች አድገዋል ብለው ነው የሚሠሯቸው። ታናሹ ግን አብሮ ነው የሚያየው። የሚሞት ሰው ካለ አስቀድሜ «አንድ የሚያሳዝን ቦታ አለ፣ አብረን እናየዋለን» እላቸዋለሁ። ታሪኩን አልነግራቸውም። ሲያልቅ ስለ ራሳቸው አልጠይቅም። «ምን ተሰማሽ?» ስላት ልጄ «ምንም» ነው የምትለው። «አና ያን ጊዜ ምን ፈልጋ ነበር?» ስላት ግማሽ ሰዓት ታወራኛለች፣ ስለ ራሷ። መልስ ካልመጣ እተወዋለሁ። በሁለተኛው ቀን መኪና ውስጥ ይመጣል፣ ከኋላ ወንበር፣ ፊቴን ሳታይ።

ሌላ አንድ ነገር። የልጆቻችሁን አያቶች ድምፅ ቅዱ። አሁኑኑ። እኔ ከእናቴ የቀረኝ አንድ የሠላሳ ሰከንድ የድምፅ መልእክት ነው። ስለ ሽሮ ነው የምታወራው። የላከችው ሽሮ ደርሷል ወይ፣ እርጥበት እንዳይነካው። ልጆቼ በቃላቸው ይዘውታል።

ሙት ዓመቷን ልጆቹ ራሳቸው አወጡት ማለት ይቻላል። ትልቋ ጧፍ አበራች፣ ትንሹ ለእንግዳ ዳቦ አዞረ። አገር ቤት የሄድነው በጃንዋሪ 2023፣ ለጥምቀት ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። መቃብሩ ጋ ደርሰን ጸሎት ከተደረገ በኋላ ልጄ እጄን ለቀቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «ማሚ፣ ትንሽ ራቅ በይልኝ» አለች። ከወንድሟና ከአባቷ ጋር ዛፉ ሥር ቆመን ጠበቅን። መሬት ላይ ተቀምጣ ታወራለች። በአማርኛ ነው፣ ቃል ሲጠፋት እጇን ስታወዛውዝ ይታየኛል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ትንሹ «ምን እያለች ነው?» ሲል አባቱ ዝም አሰኘው።

ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ መጣች። መኪና ውስጥ ስንገባ ቀበቶዋን እያሰረች፣ «ጨረስኩላት» አለችኝ።